ያጠብኳት ሄሊኮፕተር

ቤይሩት ውስጥ ያላጠብኩት ነገር የለም። ምንጣፍ አጥቤያለሁ፤ ውሻ አጥቤያለሁ፤ የውሻውን አልጋና የውሻውን የክረምት ሹራብ አጥቤያለሁ። አንዲት ማዳም የፕላስቲክ አበባዎቿን በሻምፖ አሳጥባኛለች፤ ያውም «ኮንዲሽነሩን አትርሺ» ብላ። ሄሊኮፕተር ያጠብኩት ግን በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ጉድ አመጣብኝ።

ነገሩ የሆነው አሽራፊዬ የሚባለው ሰፈር ነው። ከኮንትራት ቤቴ ከወጣሁ ወዲህ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለኝም። ዓይን ኤል ረማነህ ውስጥ ከወሎ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ በየሰዉ ቤት እየዞርኩ እሠራለሁ። ከምዞርባቸው ቤቶች አንዱ የሁለት ሽማግሌዎች ቤት ነበር፤ ባልና ሚስት ብቻ፣ አንዲት ልጃቸው ፈረንሳይ አገር ናት። ባልየውን ሚስተር እላቸዋለሁ፤ በወጣትነታቸው የሄሊኮፕተር መካኒክ ነበሩ። ሚስትየዋ ማዳሜ ናት።

ገና ከመጀመሪያው ልናገር፤ ሚስተሩን አንቱ እላለሁ፣ ማዳሜን ግን አንቱ ማለት ምላሴ እምቢ ብሎኛል። በዕድሜ እኩያ ናቸው። ነገር ግን እሳቸው ውሃ ሲጠማቸው ተነስተው ይቀዳሉ፤ እሷ ደግሞ ልብስ ከማሰጣበት ባልኮን ጠርታኝ፣ እጇ ሥር ያለውን የቴሌቪዥን ሪሞት አንስቼ እንዳቀብላት ታደርጋለች። እኔ ዘንድ አንቱታ በሽበት አይገኝም፤ ውሃውን ራሱ ለሚቀዳ ሰው ነው።

ሄሊኮፕተሯ የምትኖረው ሱፍራው ላይ ነበር። ሱፍራ የሚሉት የማዳሜን የግብዣ ጠረጴዛ ነው። ከእናቷ የወረሰችው፣ እርጥብ ብርጭቆ ባሳርፍበት ነፍሴን የምታወጣበት ጠረጴዛ። እዚያ ላይ ሚስተሩ ካርቶን አንጥፈው ስቱኮ ያቦካሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋሉ፣ ሙጫ ያንጠባጥባሉ። ማዳሜ በአጠገባቸው ባለፈች ቁጥር «መጅኑን!» ትላቸዋለች፤ እብድ ማለቷ ነው። እሳቸው ቀና ሳይሉ «ሜርሲ» ይሏታል።

መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ጠረጴዛውን ልወለውል ተጠግቼ፣ «ሚስተር፣ ይሄን አሻንጉሊት የት ላድርገው?» አልኳቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አድርገው አዩኝ።

«አሻንጉሊት አይደለችም። ሄሊኮፕተር ናት። ያኒ፣ ማለቴ፣ ያላደገች ሄሊኮፕተር።»

ከዚያ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ማስረዳት ጀመሩ። ተቀምጦ መስማት ከመወልወል ይሻላል ብዬ ጆሮ ሰጠኋቸው። ከውጭ አገር በካርቶን የመጣው ቅርፊቷ ብቻ ነው፤ እንደ እሸት ባቄላ ለሁለት የሚከፈት፣ ቀለም ያልነካው ነጭ ፋይበርግላስ። ውስጡ ሞተር፣ ባትሪ፣ ከላይ የሚሽከረከሩትን ክንፎች የሚያዘነብሉ ጥቃቅን ሞተሮች ይገባሉ። የሚበረው ይሄ የውስጡ ነው። ቅርፊቱ ለመብረር ምንም አይረዳም፤ እንዲያውም ሸክም ነው።

«ታዲያ ለምን ትለብሰዋለች?» አልኳቸው።

«አንቺስ ለምን ትለብሻለሽ?»

ሳቅኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተዋደድን።

የሚሠሯት ድሮ ሲጠግኗት የኖሩትን አንዲት ሄሊኮፕተር አድርገው ነው፤ የምትመስላትን ሳይሆን ራሷን። በሮቿ ጥፍር በምታህል ማጠፊያ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። መወጣጫዋን ከሽቦ አጥፈው ሠሩላት። እውነተኛዋ ላይ ምስማር በተመታበት ቦታ ሁሉ በመርፌ ጫፍ አንዲት የሙጫ ጠብታ ያስቀምጣሉ፤ ጠብታዋ ስትደርቅ የምስማር ራስ ትመስላለች። አንድ ጎኗን እንዲህ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሲጨርሱ ክረምቱ አለቀ። ማዳሜ እኔን ጠርታ፣ «ይሄ ሰውዬ በዚህ ትዕግሥቱ ልጅ አሳድጎ ቢሆን ኖሮ እኔ አላረጅም ነበር» አለችኝ። ይሄን ስትል እሳቸው እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው።

ችግሩ እጃቸው ነው። መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሐኪሙ ለበሽታው ስም ሰጥቶታል፤ እሳቸው ግን «እንግዳው» ነው የሚሉት። መድኃኒቱን ሲውጡ እንግዳው ለጥቂት ጊዜ ውልቅ ይላል፤ ከዚያ ጓዙን ይዞ ይመለሳል። እየዋለ እያደረ ደግሞ ቶሎ ቶሎ መመለስ አመጣ። በዚያ ላይ ልጃቸው ከፋሲካ በኋላ መጥታ፣ ቤቱን ዘግታ፣ ሁለቱንም ፈረንሳይ ልትወስዳቸው ቆርጣለች። ሚስተሩ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እጃቸው ጨርሶ ሳይከዳቸው፣ ልጅቷም ሳትደርስ፣ ይቺን ሄሊኮፕተር አንዴ በገዛ እጃቸው ከመሬት ማንሳት። እኔ ሌላ ሰው፣ የሚያውቅበት ወጣት፣ ያስነሳላቸው ዘንድ ብመክራቸው ተቆጡ። «ሌላ ሰው ካስነሳት የሌላ ሰው ናት» አሉኝ።

ወደ ማለቂያው ገደማ ሁለት ትናንሽ ፓይለቶች ወንበር ላይ አስቀመጡባትና የወንበር ቀበቶ ቸገራቸው። ቀጭን ጥብጣብ፣ ጫፉ ላይ ወደላይ ወደታች የሚንሸራተት ትንሽዬ ዘለበት ያለው። በሱቅ አስፈለጉ፣ ጠፋ። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ማዳሜ የሰጠችኝ የአሮጌ ልብስ ከረጢት ነበረኝ። ማዳሞች አሮጌ ልብስ ሲሰጡ ምርቃት እንደሰጡ ነው፤ እምቢ አይባልም፣ ልኩም አይጠየቅም። ከረጢቱ ውስጥ አንድ የማዳሜ ጡት መያዣ ነበር፤ ሁለት ሐብሐብ ችሎ ለኅዳር ዱባም ቦታ የሚተርፈው። እኔ ደግሞ አላህ በሎሚ ነው ያብቃቃኝ። ማንገቻውን ሳየው ግን ጥብጣቡም ዘለበቱም ያው ሚስተሩ የሚፈልጉት ነው። ቆረጥኩና ወሰድኩላቸው።

ዓይናቸው በራ። «ከየት አገኘሽው?»

«ከአሮጌ ቦርሳ።»

ምን ልበል ታዲያ? ፓይለቶቹ በማዳሜ ጡት መያዣ ጥርቅም ተደርገው ታስረው ተቀመጡ። ሱፍራውን በወለወልኩ ቁጥር በመስኮቷ አጮልቄ እያየሁ ብቻዬን እስቃለሁ።

የረመዳን ፆም ሲፈታ ለዒድ ጥቂት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ከቤት ልጆች ጋር በላን፣ ጨፈርን፣ ተኛን። ስመለስ ማዳሜ ኮዋፈር ጋ ፀጉሯን ልታሠራ ወጥታለች፤ ሚስተሩ ሐኪም ቤት ናቸው። በትርፍ ቁልፉ ከፍቼ ገባሁና ሱፍራው ጋ ስደርስ ክው አልኩ።

ሄሊኮፕተሯ ጠቁራለች። ከጭስ ማውጫዋ እስከ ጭራዋ ጥላሸት ተለቅልቃለች። ሆዷ ላይ ዘይት የፈሰሰ ይመስላል። በሯ ሥር በጫማ የተረገጠች ትመስላለች፤ መስታወቷ ዙሪያ አቧራ ቆርፍዷል። ደሜ ፈላ። እኔ እንግዲህ የዚያ ቤት የጥላሸት ነገር አሳምሬ አውቃለሁ፤ የሰፈሩ ጀነሬተር ከባልኮኑ ሥር ነው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሲያጨስ ይውላል፣ የሚያጨሰውን ሁሉ ደግሞ ከባልኮኑ ብረትም ከመጋረጃውም ከወንበሩም እያበስኩ የማወርደው እኔ ነኝ። ለዒድ ዞር ስል የባልኮኑን በር ከፍተው ትተውት፣ እኝህን ምስኪን ሽማግሌ ልፋታቸውን አስበልተዋቸዋል አልኩ። በልቤ ማዳሜን ከነዘር ማንዘሯ ሰደብኳት።

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ለምስማሮቹ ደግሞ አዲስ የጥርስ ብሩሽ። ውሃ እንዳይገባ የሞተሩን ክፍተት በፌስታል አፈንኩ፤ እኔ እንደሌሎቹ ግድ የለሽ አይደለሁም። ከጭራዋ ጀምሬ ነጠብጣብ በነጠብጣብ እያዜምኩ አጠብኳት። ውሃው ጥቁር ሆኖ ሲወርድ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አድርቄ፣ አሻሽቼ፣ ብርሃን ወደሚያገኛት አዙሬ አስቀመጥኳትና እጄን አጣምሬ ሚስተሩን ጠበቅኩ። ምርቃት ነበር የምጠብቀው።

መጡ። አዩ። ቆባቸውን ሳያወልቁ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሹ ሃይዳ?» አሉ። ምንድን ነው ይሄ?

«አጠብኳት፣ ሚስተር። የጀነሬተሩ ጥላሸት አበላሽቷት ነበር።»

ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። የጀነሬተር አልነበረም። የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከሰል ፈጭተው፣ ጠመኔ ፈጭተው፣ በቀጭን ብሩሽ፣ መድኃኒቱ እጃቸውን ባረጋጋላቸው ደቂቃ ሁሉ። እውነተኛዋ በጭስ የምትጠቁርበት ቦታ፣ ዘይት የምታለቅስበት ቦታ፣ ሁሉ በትዝታ። የበሯ ሥር እድፍ የአንድ ፓይለት ጓደኛቸው ነበር፤ ሲወጣ ሁሌ በግራ ጫማው ይመታታል፣ እሳቸው ደግሞ ሁሌ ይሰድቡታል። ሰውየው ሞቷል። እድፉን ከላይ ቫርኒሽ ነፍተው እንዳይለቅ ሊያስሩት ነበር፤ ማዳሜ ሽታው ቤቴ አይገባም ብላ ስለከለከለች ነፋስ የሌለበት ቀን እየጠበቁ ነበር።

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላል ያገሬ ሰው። አፈርኩ። ግን ደግሞ ቆሽቴም አረረ፤ ሁለቱም እኩል ነው የመጣብኝ። በዚህ አገር ስኖር አቧራ ተውሽ ተብዬ እንጂ አቧራ አነሳሽ ተብዬ ተወቅሼ አላውቅም።

«ኧረ በአላህ ሚስተር፣ እድፍ የሚቀባ ሰው አለ?» አልኩ። እንባዬ እየመጣ ነው።

«ኸላስ፣ ያ ቢንቲ» አሉኝ፤ በቃ ልጄ ማለታቸው ነው። በጣታቸው በሯን ነካ አደረጉ። «ንጹሕ ሆናለች። ዛሬ ከሱቅ የወጣች መስላለች።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ከሰላቸውን ይዘው ሞከሩ። እንግዳው እጃቸውን አወራጨው፤ ጥቁሩ ከጭስ ማውጫዋ እስከ መስኮቷ ተሞነጫጨረ። ራሳቸው ጠረጉት። እኔም ልካስ ብዬ ብሩሹን ተቀበልኩና የቻልኩትን ያህል ለቀለቅኩ። ራቅ ብለው አዩልኝ። «ይሄ የድስት ቂጥ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የድስት ቂጥ ነበር። እሱንም አጠብኩት። ደስ ያላት ማዳሜ ብቻ ናት። «ብራቮ! ገና ዛሬ ሰው መሰለች። አሁን ከሱፍራዬ ላይ አንሱልኝ፤ የፋሲካ እንግዳ ይመጣል።»

ሚስተሩ አንድ ጊዜ ላስነሳትና በካርቶን አሽጋታለሁ ብለው ቃል ገቡ። ግን የት? ሰማዩ ላይ የእስራኤል ድሮን ቀን ከሌት ስታፏጭብን ትውላለች። ከባልኮን አንድ የምታጓራ ነገር ብናስነሳ ግማሽ አሽራፊዬ ሕፃኑን አቅፎ ደረጃ ሊወርድ ነው። በኋላ ማዳሜ ራሷ መላ አመጣች፤ ምካሌስ ውስጥ የወንድሟ የተዘጋ የቤት ዕቃ ፋብሪካ አለ፣ ባዶ አዳራሽ ነው፣ ጣሪያ አለው፣ ሰው አያየንም። መኪናውንም የምትነዳው እሷ ናት። «ሁለታችሁን ብቻችሁን ብለቅ ፋብሪካውን ታቃጥሉታላችሁ» አለች። እኔ ግን መላውን ያመጣችው ጠረጴዛዋን ቶሎ ለማስለቀቅ መሰለኝ።

ሚስተሩ መድኃኒታቸውን ልክ ልንወጣ ስንል ዋጡ። ምካሌስ ስንደርስ እጃቸው የሚረጋበት ሰዓት እንዲሆን አስልተው ነው። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ሄሊኮፕተሯን ክንፎቿን አጥፈው ጭኔ ላይ አስተኙልኝ፣ ጭራዋ በመስኮት ወጣ። ለራሴ የወንበር ቀበቶ የሚበቃ ቦታ ጠፋ። ፓይለቶቹ ግን በማዳሜ ጡት መያዣ ታስረዋል።

መንገድ ላይ የወታደር ኬላ አጋጠመን። ሐጂዝ ይሉታል፤ እኔ ሐጂዝ ሳይ ከኢቃማዬ ማጣት የተነሳ አንገቴ ወደ ትከሻዬ ይገባል። ወታደሩ ጎንበስ ብሎ አየን፤ ፀጉሯ እንደ ኬክ የተሠራ ማዳም፣ ባለ ቆብ ሽማግሌ፣ ከኋላ አንዲት ሐበሻ ሄሊኮፕተር ታቅፋ።

«ምንድን ናት?» አለ።

ይሄን ጥያቄ ሚስተሩን መጠየቅ አልነበረበትም። ከቅርፊቱ ጀመሩለት። ሌሎች ወታደሮች መጡ። በሯን ከፍተው ዘጉላቸው። አንዱ ፎቶ አነሳ፤ አንዱ አጎቱ አየር ኃይል እንደነበር አወራ። ከኋላችን መኪናው ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ማዳሜ «ያላ፣ ያላ» እያለች መሪውን ትደበድባለች። በመጨረሻ ወታደሩ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ።

«አንቺስ ምኗ ነሽ?»

«አጣቢዋ» አልኩት።

«ይሄ እውነት ነው» አሉ ሚስተሩ ወደ ፊት ለፊት እያዩ።

ሳቁና አሳለፉን። ኢቃማ የጠየቀኝ የለም፤ ከእኔ ይበልጥ የሚያጠራጥር ነገር አቅፌ የተጓዝኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ግን የሚስተሩ መድኃኒት እዚያ ኬላ ላይ እየቀለጠ ነበር። ከመኪናው ስንወርድ ቁልፉን ከማዳሜ ሊቀበሉ እጃቸውን ሲዘረጉ አየሁት። እንግዳው በር ላይ ደርሷል።

አዳራሹ ሰፊ ነው። በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ተበታትኗል፤ ወለሉ በእንጨት ብናኝና በአቧራ ስለተሸፈነ ድመቶች የሄዱበት ሁሉ ይታያል። ማዳሜ አፍንጫዋን ያዘች። «ሐራም! መጀመሪያ ጥረጊው» አለችኝ። መጥረጊያ ከቤት አስጭናኛለች፤ እሷ ቀድማ የምታስበው እንዲህ ያለውን ነው። ከመኪናው አውጥቼ ስመጣ ሚስተሩ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«አይሆንም! ጊዜ የለኝም። ደግሞ አንቺ መጥረጊያ ይዘሽ ስትመጪ ልቤ ይደነግጣል።»

አስቀመጥኩት። ሄሊኮፕተሯን መሃል ላይ አቆምኳት፤ ክንፎቿን ዘረጉላት፣ ሪሞቱን በማንገቻው አንገታቸው ላይ አጠለቁ። ክንፎቹ መዞር ሲጀምሩ ድምፁ ሆዴ ውስጥ ገባ። አሻንጉሊት አይደለችም፤ እውነታቸውን ነው። አፍንጫዋን ቀና አደረገች፣ ከዚያ በድንገት ወደ ጎን ተንሸራተተች፣ ዘመመች፣ በአንድ እግሯ መሬቱን ፋቀች። ሚስተሩ ቶሎ አጠፏት። አንደኛው እግሯ ጎበጠ።

እጃቸውን አየሁ። ወንፊት ይዞ ዱቄት የሚነፋ ሰው እጅ ነበር። ሁለተኛ ሞከሩ፤ ከመጀመሪያው ባሰ። ሪሞቱን ከአንገታቸው አውልቀው ሳጥን ላይ አስቀመጡት።

«ኸላስ» አሉ። «አልፏል።»

አንጀቴን በሉት። ያን ሁሉ ነጠብጣብ አሰብኩ፤ ያን ሁሉ እድፍ፣ ያጠብኩትን። ሪሞቱን አንስተው ወደ እኔ ዘረጉት፤ «ነይ፣ አንቺ አስነሻት፤ ቢያንስ ልያት።» እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ። «ሚስተር፣ እኔ እንኳን የመንዳት ፈቃድ የመኖሪያ ፈቃድ የለኝም» አልኩ። ለቀልድ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ካስነሳት የሌላ ሰው ናት ያሉት ራሳቸው ናቸው። የሌላ ሰው ልትሆንብኝ አልፈለግኩም።

በዚህ መሃል ማዳሜ የጎበጠውን እግር ልታይ ጎንበስ ብላለች። ቀና አላለችም። መስኮቷን ጠጋ ብላ አየች፤ መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ እንደገና አየች።

«ይሄ ዘለበት» አለች። «ይሄ የኔ አይደለም?»

እኔ ወደ ድመቶቹ ዱካ አየሁ።

«ከአሮጌ ቦርሳ ነው ብላኛለች» አሉ ሚስተሩ።

«ምን ቦርሳ! ጡት መያዣዬ ነው!»

አዳራሹ ድምፅዋን ተቀብሎ ደገመው። ጨርሻለሁ፣ ከዛሬ ወዲያ አሽራፊዬን አላያትም አልኩ። ማዳሜ ግን ሳቀች። ትን እስኪላት፣ ኩሏ በጉንጯ እስኪወርድ፣ ያ የኬክ ፀጉሯ እስኪፈርስ ሳቀች። «ሱፍራዬን ወሰዳችሁ፤ ሳሎኔን ወሰዳችሁ፤ አሁን ደግሞ ጡቴን!» ሚስተሩም ሳቁ። እኔም፣ ፈራ ተባ እያልኩ፣ ሳቅኩ።

ስታበቃ እንባዋን ጠረገችና ቀለበቶቿን አንድ በአንድ አውልቃ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ሪሞቱን አንስታ ባሏ አንገት ላይ መልሳ አጠለቀችው። ከኋላቸው ቆማ፣ አገጯን ትከሻቸው ላይ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ሁለቱን የእጅ አንጓዎቻቸውን ያዘች። ጣቶቹ የራሳቸው ናቸው፤ እሷ የያዘችው መንቀጥቀጡን ነው።

«ያላ» አለች። «የኔ ጡት መያዣ መሬት ላይ አይቀርም።»

ክንፎቹ ዞሩ። ድምፁ አደገ። ሄሊኮፕተሯ በጎበጠው እግሯ ትንሽ አነከሰችና፣ ከዚያ በቃ፣ መሬቱን ለቀቀች። በጉልበቴ ልክ፣ በወገቤ ልክ፣ ፊት ለፊታችን ቆመች፤ ወዲያ ወዲህ ሳትል። ሚስተሩ በአረብኛ የሆነ ነገር ይሏታል፤ ለሄሊኮፕተሯ ይሁን ለሚስታቸው አልለየሁም። እኔ የማዳሜን ቀለበቶች ጨብጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ አቧራው መጣ። የዚያ አዳራሽ የስንት ዘመን አቧራ ነው፣ ያልጠረግኩት። ክንፎቿ ከወለሉ አነሱት፣ ወደ ግድግዳው ወሰዱት፣ መልሰው በእኛ ላይ አመጡት። ማዳሜ ስታስል፣ ሚስተሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲከፍቱ፣ ሄሊኮፕተሯ አየር ላይ እዚያው ቆማለች። ሲያወርዷት ዱብ ብላ አረፈች። ክንፎቹ እስኪቆሙ ጠበቅን። ሁላችንም የዱቄት ወፍጮ ሠራተኛ መስለናል።

ሚስተሩ ቀርበው ተንበረከኩ። አቧራው ጎኗን ተከትሎ እስከ ጭራዋ ተኝቷል፤ የምስማሮቹ ዙሪያ ጠይሟል፤ እግሯ መሬቱን በፋቀችበት ተቧጭሯል። የበሯ ሥር የጫማ እድፍ ብቻ የለም። ሚስተሩ ትንሽ አሰቡና ተነሱ፣ በግራ ጫማቸው ጫፍ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ በሯ ሥር ነካ አደረጓት። ምልክቱ ቀረ።

«አሁን እሷ ናት» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ጣታቸውን ቀሰሩ፣ ጣቱ ይንቀጠቀጣል። «እንዳትነኪያት።»

ልጅቷ እንዳለችው መጥታ ወሰደቻቸው። ሄሊኮፕተሯ አውሮፕላን ላይ አትጫንም ተባለ፤ ነገሩን ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። ማዳሜ «የኔን ሱፍራ ለቀቀች፤ እንግዲህ የአንቺ ራስ ምታት ትሁን» ብላ ሰጠችኝ። ሰርቪስ ታክሲ ሁሉ እምቢ ሲለኝ በእግሬ አቅፌ ዓይን ኤል ረማነህ አስገባኋት። አሁን ያለችው ክፍላችን ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። የቤት ልጆቹ አንዴ ይስቁብኛል፣ አንዴ ያኮርፉኛል። አንዷማ፣ «አንቺ ሴት፣ ለሰው ቤት ስትሆኚ መላጊያ ነሽ፤ ለራሳችን ቤት ግን ይሄን ሁሉ አፈር አናታችን ላይ ሰቅለሽ ትተኛለሽ» አለችኝ። እርጥብ ጨርቅ ይዛ ወንበር ላይ ስትወጣ እግሯን ይዤ አወረድኳት። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም።

ሚስተሩ አልፎ አልፎ በቪዲዮ ይደውላሉ። እንዴት ነሽ አይሉም፤ መጀመሪያ «ነካሻት?» ነው። «ወላሂ አልነካኋትም» እልና ስልኬን ወደ ቁም ሳጥኑ አነሳለሁ። እያንዳንዱን ቦታ እንዳሳያቸው ያዙኛል፤ ጭራዋን፣ ሆዷን፣ የበሯን ሥር። አሁን እጃቸው ማንኪያም አይዝላቸውም ብላኛለች ልጃቸው። ግን ምስሉ አይንቀጠቀጥም። ስልኩን የሚይዙላቸው ማዳሜ ናቸው። አዎ፣ ናቸው ነው ያልኩት።